በጋቢ ሥር የማይደበቅ ሽጉጥ

መካነ ኢየሱስ፣ የካቲት ፫ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ይታወቅ፤ ሽጉጥ የምፈልገው ለኢላማ ነው። ለሰው አይደለም፤ ለአውሬም አይደለም።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው ፋሲካ ነው። በቤታችን ወግ ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ወንዝ ዳር ወርደን የሸክላ ገል አቁመን በተራ እንተኩሳለን። አባቴም ያደርገው ነበር። አምና የተዋስነው ምንሽር የባለቤቴን የጌጤን ትከሻ መትቶ ሳምንት ሙሉ እንስራ እንዳታዝል አደረጋት። የልጄ የደምሌ ሚስት ተዋበች ደግሞ ጠመንጃውን አንሥታ ማቅናት አቅቷት መልሳ አስቀመጠችው። ወንዶቹ ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ከኋላዬ ደርሳ፣ «አባባ፣ ለኔ ልክ የሚሆን አልተሠራም?» አለችኝ። ለከርሞ አገኝልሻለሁ አልኋት። ለተማሪ የገባሁትን ቃል አፍርሼ አላውቅም፤ ጡረታ ወጣሁ ብዬ አሁን አልጀምርም።

ዘንድሮ እርጉዝ ናት። ለፋሲካ ስምንት ወሯ ይሆናል። መሣሪያው ቀላል ከሆነ ተቀምጣም ትተኩሳለች።

የሚያስፈልገውን ለይቻለሁ። በአንድ እጅ የሚያዝ ይሁን። ጥይቱ ቀጭን ይሁን፤ ወደ ኋላ እንዳይገፋ። ድምፁ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ለእርጉዝ ድንጋጤ አይበጅም። በቅርብ አይሳት፤ ሩቅ መድረስ አያስፈልገውም። ዋጋው ከአንድ ወይፈን አይብለጥ። ይህንኑ ቃል በቃል ሦስት ቦታ አስታወቅሁ፤ እዚህ ለነጋዴው ለአብዱረዛቅ፣ ጋይንት ላለ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ስማዳ ውስጥ ወገዳ ገበያ ለሚወርዱ የጨው ነጋዴዎች። ጠይቆ ማወዳደር ደንብ ነው።

ተዋበች የስማዳው የአቶ አለሙ ልጅ ናት። ከስምንት ዓመት በፊት የአቶ አለሙ የወንድም ልጅ የኔን የወንድም ልጅ ፋንቱን በአውድማ ጠብ ገድሎት ነበር። ሽማግሌ ገባ፤ አባ ገብረ ሚካኤል መስቀል ይዘው መሐል ቆሙ፤ የደም ካሣ ተከፈለ፤ ዕርቁ እንዲጸና ደምሌና ተዋበች ተጋቡ። አልቋል። ይህን የምጽፈው ከሽጉጡ ጋር የሚገናኝ ሆኖ ሳይሆን፣ ተዋበች የማን ልጅ እንደሆነች ለመግለጽ ብቻ ነው።

የካቲት ፯፣ ቅዳሜ

ከገበያ መልስ። አብዱረዛቅ ሱቅ ተቀምጬ ነበር። ጨርቅና ስኳር ይሸጣል፤ መሣሪያ የሚያስመጡትን የሚያውቀውም እሱ ነው።

«መምህር፣ እርስዎ ከቀለምና ከወረቀት በቀር ሲገዙ አይቼ አላውቅ። በደህና ነው?»

«ለኢላማ ነው።»

«ኢላማው ማነው?» ብሎ ሳቀ።

«ገል ነው» አልሁት።

ሳቁን ዋጠ። «ይሁን። ሰው የጠየቀኝ እንደሆነ ገል ነው እላለሁ» አለ።

ማን እንደሚጠይቀው አልገባኝም። ያሳየኝ ከበሮው እየዞረ ጥይት የሚያቀብል ትልቅ የእንግሊዝ ሽጉጥ ነው፤ ስድስት ጎራሽ። ክብደቱ የወፍጮ መጅ ያህላል። አይሆንም አልሁት። «ታዲያ ምን ዓይነት?» ቢለኝ አንድ በአንድ ዘረዘርሁለት። ሱቁ ውስጥ ሁለት የስማዳ ሰዎች አቡጀዲ ያስለኩ ነበር፤ መለካቱን ትተው አደመጡኝ። ሰው እንዲህ በጥሞና ሲሰማኝ ማስተማር ከተውሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

የካቲት ፲፮፣ ኪዳነ ምሕረት

ዛሬ ሰው ሁሉ አክብሮኛል። በቤተ ክርስቲያኑ በር መንገድ ለቀቁልኝ። ከዓመት ዓመት ሰላም የማይለኝ የጎረቤታችን ልጅ ሳይቀር ጎንበስ አለልኝ። ከወይራው ሥር ከቆሙት አንዱ፣ «የሚጮኽ ውሻ ምን ያደርጋል፤ ዝም ያለውን ነው መፍራት» ሲል ሰማሁ። ሌላው፣ «ስምንት ዓመት! አቤት ትዕግሥት!» አለ። ስለ ማን እንደሆነ አልሰማሁም። ትዕግሥት ግን መልካም ነገር ነው።

የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሚካኤል ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«መምህር፣ ንስሐ መቼ ይገባሉ?»

«ጾሙ ሲያዝ፣ አባቴ።»

«ቀደም ያድርጉት። ሰው የሠራውን ብቻ አይደለም የሚናዘዘው፤ ያሰበውንም ሳይሠራው ይናዘዛል።»

ደግ ምክር ነው።

የካቲት ፳

የተኩስ ቦታ መረጥሁ። የአምናው ወንዝ ዳር ሜዳ ታርሷል። ከስማዳ መንገድ በላይ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ከኋላው ቁጥቋጦ ስለሆነ ፀሐይ ዐይን ውስጥ አይገባም። ድንጋዩ ሥር ተቀምጬ ምርኩዜን እንደ ሽጉጥ አቅንቼ ማዶ ያለውን ግራር አነጣጠርሁ። ርቀቱን በርምጃ ለካሁ፤ ለሴቶች የበዛ መስሎኝ ግንዱን ትቼ ወደ መንገዱ የቀረበ ጉቶ መረጥሁ። አህያ የሚነዱ የስማዳ ሰዎች አለፉ። ደህና ዋላችሁ ብላቸው ሳይመልሱ አህዮቹን እየገረፉ ሄዱ። የመንገደኛ ችኮላ።

የካቲት ፳፬፣ ማክሰኞ

ተዋበችን ወሰዷት።

የመጣው ወንድሟ ጥጋቡ ነው፤ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስከትሎ። መንገዱ ሽፍታ አለበት ብለው ይሆናል። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት እንደሚወለድ እኔም ዐውቃለሁ፤ ደንብ ነው። ግን ገና ስድስት ወሯ ነው።

«ጥጋቡ፣ አልቸኮላችሁም?» አልሁት።

«እናታችን ናፈቀቻት።»

«ጾሙ እስኪያዝ እንኳ ትቆይ።»

«መምህር፣ በሰላም እንውሰዳት» አለ።

በሰላም ነው እንጂ በምን ይወስዳታል? ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ጌጤ ያቀረበችውን ሆዴን አሞኛል ብሎ አልቀመሰም። የተከተሉት ሰዎችም ሆዳቸውን አሟቸዋል። ውኃ እንኳ አልጠጡም። ተዋበች በቅሎው ላይ ሆና ዞራ አየችኝ፤ አልቅሳ ነበር። ደምሌ እስከ ወንዙ ሸኝቷት ሲመለስ ሳያናግረኝ ወደ በሬዎቹ ሄደ።

ሽጉጡን በጊዜ አለማግኘቴ ቆጨኝ። ባገኝ ኖሮ ሳትሄድ አንድ ጊዜ ትተኩስበት ነበር።

የካቲት ፴

ሁዳዴ ተያዘ። ቤቱ ጭር ብሏል።

ደምሌ፣ «አባቴ፣ ይህን ሽጉጥ ተወው» አለኝ።

«ለምን?»

«ተወው ብቻ።»

«ምክንያት የሌለው መልስ መልስ አይባልም።»

ትቶኝ ወጣ። የዛሬ ወጣት የጀመረውን አይፈጽምም።

መጋቢት ፬

በችኮላ። የጋይንቱ ተማሪዬ የላከው መጣ። የጣልያን ዘመን ሽጉጥ። ጥይት ይገኝለታል። ካዝናው ግን ተኩስ ላይ ይወልቃል። መለስሁ።

መጋቢት ፲፣ ሐሙስ

አብዱረዛቅ አስጠራኝ። ሁለት አቀረበ፤ ሁለቱም ቀጭን ጥይት የሚጎርሱ። አንዱ አጭር ነው፤ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው አፈሙዙ ረጅም ነው፤ ክርን ድረስ ሊደርስ ምንም አይቀረው። መልኩ እንደ ሽመላ።

አጭሩን አነሣሁ። ክብደቱን ለማወቅ በጋቢዬ ሥር ይዤ ከሱቁ በር እስከ ጓሮ ተመላለስሁ። ከላይ ምንም አይታይም። አብዱረዛቅ ዐይኑን ከኔ አልነቀለም።

«ተስማማዎት?» አለኝ።

ሽጉጡን መለስሁለት። ለምን እንደዚያ ቶሎ እንደ መለስሁት አላውቅም። እጄን በጋቢዬ ጠረግሁት።

«ረጅሙስ?»

«አስብበታለሁ።»

«መምህር፣ ልንገርዎት። አጭሩን ቢይዙ ሰው ይፈራዎታል። ረጅሙን ቢይዙ ይስቅብዎታል። ዋጋቸው አንድ ነው።»

ዛሬ ፋንቱ ትዝ አለኝ። ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነበርሁ፤ ከ«ቀ» አልፎ አያውቅም፣ ሁልጊዜ እዚያ ሲደርስ ይስቃል። ለምን እንደጻፍሁት አላውቅም።

መጋቢት ፲፫፣ እሑድ

ይህን በዝርዝር ልጻፍ፤ ስሕተት ሲታረም በግልጽ መታረም አለበት።

ጌጤ ደጃፍ ላይ ምስር ታበጥር ነበር። እኔ ስለ ረጅሙና ስለ አጭሩ አንሥቼ የትኛው ለተዋበች እጅ እንደሚመች ጠየቅኋት። ሰፌዱን አስቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ እውነት አልገባህም?»

«ምኑ?»

«እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር ዝም ያልሁት። እስቲ የፈለግኸውን ድገመው።»

ደገምሁላት። በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ በቅርብ የማይስት፣ አልሁ።

«ይህን ለስማዳ ነጋዴ ላክህ?»

«ላክሁ።»

«ከዚያ በስማዳ መንገድ ዳር፣ ድንጋይ ሥር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀምጠህ በዘንግ ስታነጣጥር ዋልህ?»

«ፀሐዩ እንዳይወጋኝ ነው።»

«ዘመዱ የተገደለበት ሰው እንደዚያ ሲያደርግ አንተ ብታይ ምን ትላለህ? አርባ ዓመት ልጆቹን ጥያቄውን አንብባችሁ መልሱ ስትል ኖረህ፣ የራስህን ጥያቄ አላነበብኸውም! ጠመንጃ እኮ ሰው በትከሻው ይዞት ነው የሚሄደው፤ ይታያል። በጋቢ ሥር የሚገባ ሽጉጥ ለምንድን ነው? ልጅቱን የወሰዷት እናቷ ናፍቃት መሰለህ? ደምሌ ሚስቱን አጥቶ ሌሊት ሲገላበጥ አትሰማም?»

ምስሩ ላይ ዶሮ ወጥታ ስትለቅም ሁለታችንም አላባረርናትም።

በወይራው ሥር የሰማሁት ስለ እኔ ነበር። አባ ንስሐ ቀድሜ እንድገባ የመከሩኝ ለዚሁ ነበር። ሰዎቹ ሆዳቸውን አላመማቸውም፤ ደም ካለበት ቤት አንበላም ማለታቸው ነው። ዕርቁ ሊፈርስ ነው። ከፈረሰ ተዋበች አትመለስም፤ የሚወለደው ልጅም የጠላት ቤት ልጅ ሆኖ ያድጋል። ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በጥንቃቄዬ።

ፋንቱን ለመበቀል አስቤ አላውቅም። ይህ እውነት ነው። አጭሩን ሽጉጥ ለምን ቶሎ እንደ መለስሁት ግን አሁንም መጻፍ አልቻልሁም።

መጋቢት ፲፭

ሁለት ቀን አሰብሁ። ነገሩን ብተወው፣ ደብቆ ገዛ ይላሉ። ምዬ ብናገር፣ ምሎ ሊገድል ነው ይላሉ። የሚቀረው አንድ ነው፤ በገበያ መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ መግዛት።

መጋቢት ፲፱፣ ቅዳሜ

ረጅሙን ገዛሁ። አብዱረዛቅን ከሱቅ ውጭ አውጥተህ ስጠኝ አልሁት። ገባው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ኑ የመምህርን መድፍ እዩ!» ብሎ ተጣራ። ጋቢዬን አጣጥፌ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ሽጉጡን በእጄ አንጠልጥዬ በእህል ተራ፣ በከብት ተራ አለፍሁ።

«መምህር፣ ለድንቢጥ ነው?»

«ኧረ ድንቢጥም አትሞትበትም፤ ትሰናከልበት እንደሆን እንጂ!»

«ሽጉጥ ነው ወይስ የእጣን ማንኪያ?»

አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከሚፈሩኝ ቢስቁብኝ ይሻለኛል። ደግሞም አፈሙዙ ሲረዝም የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው ይራራቃል፤ ስለዚህ አይስትም። ለኢላማ መጀመሪያውኑ የሚመረጠው ይህ ነበር። ትክክለኛውን መልስ አጠገቤ አስቀምጬ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ።

መጋቢት ፳፮

ከሜዳው ማዶ፣ ከስማዳ መንገድ ርቆ፣ ሞከርነው። እኔ ሳትሁ። ጌጤ በሁለተኛው ገሉን ሰበረችው። ዞራ አየችኝ። «እንግዲህ ባለ መሣሪያ ነኝ፤ እራትህን ራስህ አቅርብ» አለችኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ በቤታችን ተሳቀ። ደምሌም ፈገግ አለ።

ከስማዳ ግን ምንም ቃል የለም።

ሚያዝያ ፫

ደምሌ ወገዳ ደርሶ ተመለሰ። ወደ ቤት አላስገቡትም። በአጥሩ በር ላይ ቆሞ፣ አማቱ አቶ አለሙ ከሩቅ እያዩት፣ ከተዋበች ጋር ጥቂት ተነጋገረ።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ሆዷ ገፍቷል።»

«ምን አለች?»

ደምሌ ለመናገር አፈረ። «አባባ ገዙልኝ ወይ? አለችኝ» አለ።

ደጅ ወጥቼ ብቻዬን ቆምሁ። ሁሉ ሲጠረጥረኝ እሷ አልጠረጠረችም።

ሚያዝያ ፱፣ ዓርብ

ጥጋቡ መጣ። ብቻውን፣ ግን ጠመንጃውን ይዞ። ከበር ሳይገባ፣ «የገዙትን አሳዩኝ» አለ። አሳየሁት። አገላበጠው። ጋቢውን ገልጦ ሥሩ ለመክተት ሞከረ፤ አፈሙዙ በአንገቱ በኩል ብቅ አለ። ከዚያ ወደ ጎን አደረገው፤ በክርኑ በኩል ወጣ።

«ይህማ...» ብሎ ጀመረና ሳቁ አሸነፈው። «ይህማ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው!»

«ተኩስበት» አልሁት።

ሜዳ ወረድን። ጥጋቡ ምንሽር የለመደ እጅ ነው፤ ይገፋኛል ብሎ ሲጠብቅ ስላልገፋው ሳተ። ደገመ፤ ሳተ። በሦስተኛው አፈሩን አቦነነ። ጌጤ ተቀበለችውና ገሉን መታች።

«እማማ፣ ይህን በስማዳ እንዳይናገሩብኝ!»

«ዝምታዬን የምሸጠው ምሳ ለሚበላልኝ ነው» አለች።

ገብቶ ተቀመጠ። ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። የቀረበለትን ሽሮ ጠርጎ በላ፤ ጨመረችለት፤ ያንንም በላ።

ሲሄድ ደጃፉ ላይ ቆም አለ። «መምህር፣ እኔ አመንሁ። አባቴ ግን ሰው የነገረውን አያምንም። ያየውን ነው።»

«እንዲመጣ ንገረው።»

«አይመጣም። ወደዚህ አገር እግሩን አያነሣም፤ ምንም ቢሆን ይፈራል።»

ትክክል ነው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አልመጣም።

ሚያዝያ ፲፪፣ ሰኞ

ዛሬ ለአባ ገብረ ሚካኤል ሽጉጡን አስረከብሁ። ወደ ስማዳ ይዘውት ይሄዳሉ። ደምሌ በጣም ተቆጣ።

«የገዛኸውን መሣሪያ ለእነሱ?»

«ለእነሱ።»

«ጥይቱንም?»

«ጥይቱንም፣ አንድ ሳይቀር።»

«ከዚያ እኛ ባዶ እጃችንን አገራቸው ልንገባ?»

«አዎ። እኛ ባዶ እጃችንን መሄድ ከፈራን፣ እነሱ እንዳይፈሩን በምን አፋችን እንጠይቃለን?»

ጌጤ ለመንገድ የሚሆን በሶ ለአባ ቋጠረችላቸው። ደምሌ ጥቂት ቆይቶ የአባን በቅሎ ሊጭን ወጣ።

ለአቶ አለሙ የጻፍሁት ቃል ይህ ነው፤ እዚህ ገልብጬዋለሁ።

«አቶ አለሙ፣ እርስዎና ቤተ ሰብዎ በጤና ሰንብታችኋል? እኛ ደህና ነን።

አባ ይዘውት የመጡት ሽጉጥ ስሙን ብዙ የሰሙት ነው። ከነጥይቱ ሁሉ ልኬልዎታለሁ፤ በቤቴ የቀረ ሌላ መሣሪያ የለም። ይዩት፤ ይተኩሱበት። ስፈልገው የተናገርሁት ቃል ቢያስፈራዎት ትክክል ነበሩ። ቃሉን ያልመዘንሁት እኔ ነኝ።

ፈቃድዎ ቢሆን የዘንድሮውን ኢላማ በዳግም ትንሣኤ ማግስት በእርስዎ ማሳ ላይ እናቁም። እኔ፣ ጌጤና ደምሌ እንመጣለን። ከምርኩዜ በቀር የምንይዘው አይኖርም። ሽጉጡን የሚያጎርሱትም፣ ለየተራው ሰው የሚያቀብሉትም እርስዎ ይሁኑ። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ለተዋበች አንድ ተራ ይስጧት፤ ተቀምጣ ትተኩስ።

ስለ ፋንቱ ከዕርቁ ቀን ጀምሮ እርስዎም እኔም አንሥተን አናውቅም። አልቋል ብለን ዝም አልን፤ ዝም ስላልን ግን ያለቀ አይመስለኝም። ስመጣ ስሙን ጠርተን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንድናወራው እፈልጋለሁ።

መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ለጌጤ በቅሎ ፈልጌ መለመን አለብኝ። ስለዚህ ኑ ወይም አትምጡ የሚለውን ቁርጥ ቃል በአባ እጅ ከሆሳዕና በፊት ይላኩልኝ። አትምጡ የሚሉ ቢሆን እንኳ ያንኑ ይላኩልኝ እንጂ፣ እባክዎ፣ ያለ መልስ አይተዉኝ።»